«ሸክም አለኝ» የምንል ሰዎችና የጋሪው ፈረስ

በጋሪ ከተሞቻችን አስፋልት ዳር፣ አንዳንዴም በመንገዱ መካከል፣ ቆሞ ሞቱን የሚጠብቅ ፈረስ አለ። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ትከሻውና ደረቱ ላይ ገመድ የላጠው ቁስል አለ፤ ዝንብ ወርሮታል። ሰኮናው ለወራት ስላልተከረከመ ተጣሞ ወደ ላይ ተቀልብሷል። ሲሠራ ባለቤት ነበረው፤ መሥራት ሲያቅተው ግን ባለቤት የለውም። መኪኖች ጡሩምባ እየነፉ ያልፉታል። እኛም መጽሐፍ ቅዱሳችንን ይዘን ወደ ኅብረታችን ስንሄድ እናልፈዋለን። ማታ ወይ መኪና ይገጨዋል፣ ወይ ጅብ ይጨርሰዋል።

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ በኅብረታችን ውስጥ እንደ «ሸክም» የሚዘወተር ቃል ጥቂት ነው። «ለጎዳና ልጆች ሸክም አለኝ»፣ «ለገጠሩ ሸክም አለኝ» እንላለን። መልካም ነው። ግን ፕሮግራሙ እንዳበቃ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለሦስት ሰው በተሠራ ጋሪ አምስት ሆነን እንወጣለን። ጊታሩንና ድምፅ ማጉያውን እንጭናለን። «ቶሎ በል፣ መሽቶብናል» እንላለን፤ ባለጋሪው ጅራፉን ያነሣል። ሸክም አለን ብለን የጸለይነው እኛ ነን፤ ሸክሙን ዳገት ላይ የሚጎትተው ግን ሌላ ፍጥረት ነው፤ እሱ ደግሞ ምስክርነት መስጠት አይችልም።

የምለው አጭር ነው። ለእንስሳ የሚደረግ ምሕረት ጊዜ ሲተርፍ የሚሠራ በጎ ሥራ አይደለም፤ የአማኝ የዕለት ሥራ ነው። ምሕረት ስሜት ቢሆን ኖሮ፣ ፈረሱን አይተን «ወይኔ፣ ሲያሳዝን!» ባልን ጊዜ ተፈጽሞ ነበር። አልተፈጸመም። ፈረሱ ዛሬም እዚያው ቆሟል። ይህን ስል የሚነሡብኝን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁና አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሰው እየተራበ ስለ ፈረስ?»

የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ ይህ ነው። ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሯል፤ ከፈረስ ይበልጣል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ይህን የሚሉ ወገኖቼን አንድ ነገር ልጠይቅ። ለፈረሱ ያልሰጣችሁትን አንድ ባልዲ ውሃ ለየትኛው ሰው ሰጣችሁት? ከጋሪው ላይ ባለመውረዳችሁ የትኛው ረሃብተኛ ጠገበ? «ሰው ይቀድማል» የሚለው ቃል ለሰው እንድንሠራ ካስነሣን እውነት ነው። ለፈረሱም ለሰውም ምንም ላለመሥራት መደበቂያ ከሆነ ግን ሐሰት ነው።

ታሪክም ከዚህ ተቃውሞ ጋር አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ1824 ለንደን ውስጥ ጥቂት ሰዎች በአንድ ቡና ቤት ተሰብስበው በእንስሳት ላይ የሚደርሰውን ጭካኔ የሚከላከል ማኅበር አቋቋሙ። ስብሰባውን የጠራው አርተር ብሩም የሚባል ቄስ ነበር። ከመሥራቾቹ መካከል ዊልያም ዊልበርፎርስና ቶማስ ፎዌል በክስተን ነበሩ። እነዚህ ሁለቱ እነማን ናቸው? በእንግሊዝ ፓርላማ ውስጥ የባሪያ ንግድንና ባርነትን ለማስቆም ዕድሜያቸውን የሰጡ ወንጌላውያን አማኞች ናቸው። በሰንሰለት ስለታሰረው ሰው የሚሟገቱ ሰዎች ስለሚገረፈው ፈረስ ለመሟገት ጊዜ አላነሳቸውም። ብሩም ደግሞ የማኅበሩ ዕዳ በእሱ ላይ ወድቆ እስር ቤት ገብቷል። ለሰው የሚራራ ልብና ለእንስሳ የሚራራ ልብ ሁለት አይደሉም፤ አንዱ ሲደነድን ሌላውም ይደነድናል።

በእኛ አገርማ ፈረሱንና ሰውን ለያይቶ ማየት ጭራሽ አይቻልም። በኢትዮጵያ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች አሉ። ከእነዚህ ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ነው። እሱ ካነከሰ የባለጋሪው ቤት ጤፍ ይጎድላል፤ የልጁ ደብተር ይቀራል። የፈረሱን ቁስል ያጠበ ሰው የዚያን ቤት ምሶ እያቃና ነው። ስለዚህ ሰው ይቀድማል የምትሉ ሁሉ፣ እሺ፣ ሰውን አስቀድሙ፤ ከባለጋሪው ጀምሩ።

«እግዚአብሔር ለበሬ አይገደውም»

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጽሐፍ የሚመጣ ስለሆነ ይበልጥ ይከብዳል። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ላይ፣ የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር የሚለውን የዘዳግም 25 ሕግ ጠቅሶ፣ ቃሉ ስለ እኛ እንደተጻፈ ይናገራል። ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያው እንስሳው ምሳሌ ነው፤ ጉዳዩ የሰው ነው» የሚሉ አሉ።

ጳውሎስ ግን የሚከራከረው ከትንሹ ወደ ትልቁ ነው። በአውድማ ላይ የሚደክም በሬ ከእህሉ እንዲበላ ከተፈቀደለት፣ በወንጌል የሚደክም አገልጋይማ እንዴት አይበላ ነው የሚለው። የበሬው መብት እውነተኛ ካልሆነ የአገልጋዩም መብት መሠረት ያጣል። ይህን ምዕራፍ የአገልጋይን ደመወዝ ለማስከበር እየጠቀስን፣ ከምዕራፉ ውስጥ በሬውን ማባረር ምን ዓይነት አነባበብ ነው?

የቀረውንም እንመልከት። በዘፀአት 23 ላይ የሰንበት ዕረፍት ምክንያት ሆነው ከተጠቀሱት ውስጥ በሬና አህያ ይገኛሉ። በዚያው ምዕራፍ የሚጠላህ ሰው አህያ ከጭነቱ በታች ወድቆ ብታየው ትተኸው እንዳታልፍ፣ ከባለቤቱ ጋር ሆነህ እንድታነሣው ታዝዟል። ልብ በሉ፤ ባለቤቱ ጠላትህ ነው፣ አህያው ግን በጠላትነታችሁ ውስጥ የለበትም። በበለዓም ታሪክ መልአኩ በመጀመሪያ የጠየቀው አህያይቱ ለምን ሦስት ጊዜ እንደተመታች ነው። በዮናስ መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር ስለ ነነዌ ሲናገር የከተማይቱን እንስሶች አልዘነጋም። ጌታችን ኢየሱስም በሉቃስ 13 ላይ፣ በሰንበት አህያን ፈትቶ ውሃ ማጠጣት ማንም የማይከራከርበት ነገር አድርጎ ነው የተናገረው። እኛ ዛሬ የምንከራከርበት ለጌታ ግልጽ በነበረው ነገር ላይ ነው።

«ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው»

ሦስተኛው ተቃውሞ ኩራት የተቀላቀለበት ነው። «ፈረንጅ ጠግቦ ነው ለእንስሳ መጠለያ የሚሠራው» ይባላል። በእርግጥ መጠለያዎቹ አሉ። በእንግሊዝ ዴቨን ግዛት ኤሊዛቤት ስቬንድሰን የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1969 የአህዮች መጠለያ መሠረተች። በ1974 አንዲት ሴት ሞተው በኑዛዜ ያወረሷት 204 አህዮች በአንድ ጊዜ እጇ ላይ ወደቁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሥራው የሰፋው። ያው ድርጅት ግን በዴቨን አልቀረም። በአገራችንም በቢሾፍቱ ከእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ጋር ለዓመታት ሠርቷል። የእኛ አገር ሐኪሞች የጋማ ከብትን ቁስል፣ ጥርስና ሰኮና በማከም ልምድ ያካበቱት እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ ነው።

ደግሞ ይህ ምሕረት ከጥጋብ ብቻ አልተወለደም፤ ከዕዳም ተወልዷል። እ.ኤ.አ. በ1930 ዶሮቲ ብሩክ የምትባል የጦር መኮንን ሚስት ካይሮ ደረሰች። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝን ጦር ያገለገሉ ፈረሶች ጦርነቱ ሲያበቃ እዚያው ተሸጠው ቀርተው ነበር። አርጅተውና አጥንታቸው ወጥቶ የድንጋይ ጋሪ ሲጎትቱ አየቻቸው። አገሯ የተጠቀመችባቸውን ጥላቸው እንደሄደች ለአንድ ጋዜጣ በደብዳቤ ጻፈች። ሕዝቡ ገንዘብ ላከ፤ በጥቂት ዓመታት 5,000 ያህል ፈረሶች ገዛች። አብዛኞቹ ከመድከማቸው የተነሣ የሚድኑ አልነበሩም። ጥቂት ቀን ዕረፍትና መብል አግኝተው ያለ ሥቃይ እንዲሞቱ ተደረገ። በ1934 ደግሞ እዚያው ካይሮ ሆስፒታል ከፈተች፤ ሆስፒታሉ የድሀ ሠራተኞችን ፈረሶች በነጻ ያክም ነበር። ዛሬ በስሟ የሚጠራው ድርጅት በኢትዮጵያም ይሠራል። ታዲያ ይህ ቅንጦት ነው? የተጠቀሙበትን አገልጋይ ሲያረጅ አለመጣል ቅንጦት ከሆነ፣ ጡረታም ቅንጦት ነው፤ ወላጅን መጦርም ቅንጦት ነው።

ለፈረስ ክብር መስጠትን ከውጭ ተማርነው የሚልም ካለ የገዛ ታሪኩን ይጠይቅ። አባቶቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ተብለዋል። ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን አስጊጠው አደባባይ ይወጣሉ። ያጌጠውን ፈረስ እልል ብለን ተቀብለን፣ የጋሪውን ፈረስ አስፋልት ላይ የምንጥል እኛ ነን። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንላለን። አዎ፣ አድርሶናል፤ ካደረሰን በኋላ ምን እንዳደረግንለት ግን አይወራም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በአውሮፓውያን ልኬት ከመሬት እስከ ትከሻው ከ148 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ፈረስ «ፖኒ» ይባላል። አብዛኞቹ የጋሪ ፈረሶቻችን በዚህ ልኬት ፖኒዎች ናቸው። በሌላው ዓለም ሕፃናት የሚጋልቡት ቁመት ያለው እንስሳ በእኛ ከተማ አምስት ጎልማሳና አንድ ጆንያ ስሚንቶ ይጎትታል። ይህን ማወቅ የፈረንጅ ነገር አይደለም፤ ማየት ብቻ ይበቃል።

«ጥፋቱ የባለጋሪው ነው»

አራተኛው ተቃውሞ በጣም ይመቻል፤ ምክንያቱም እኛን ነጻ ያወጣል። ባለጋሪው ጨካኝ ነው፣ ያልተማረ ነው፣ ይገርፋል፣ አያበላም ይባላል። የሚገርፍ አለ፤ አልክድም። ግን ነገሩ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንዳይሆንብን። ኑሮውን እንመርምር።

ብዙ ጊዜ ጋሪ የሚነዳው ሰው የፈረሱ ባለቤት አይደለም፤ በቀን የተወሰነ ገንዘብ ለባለቤቱ የሚያስገባ ልጅ ነው። ያን ገንዘብ ሳያሟላ ቢያርፍ የሚጎድለው የእሱ እራት ነው። ባጃጅ በየከተማው ከበዛ ወዲህ የጋሪ ገበያ ቀንሷል። በብዙ ቦታ ጋሪ ከዋናው አስፋልት ተከልክሎ ወደ ኮረኮንቹና ወደ ጭቃው ተገፍቷል፤ እዚያ ደግሞ ጎማው ይከብዳል። የጭድና የፉርሽካ ዋጋ ግን አልቀነሰም። ፈረሱ ሲያረጅ የሚገዛው የለም፤ ሥጋው አይበላም፤ የሚያሳርፍበትም መስክ የለም። ለእንስሳት ሐኪም ከፍሎ በሰላም እንዲሞት ማድረግም ለእሱ ወጪ ነው። ስለዚህ ልጓሙን ያወልቅና ይለቀዋል። ይህ ትክክል አይደለም። ግን በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የሂሳቡን ዝቅተኛ ዋጋ የተከራከርን፣ «አንድ ሰው ይጨመር» ያልን፣ «ፈጠን በል» ያልን ተሳፋሪዎችስ የት ነን?

በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ሲከፈት የተነሣውን ቁጣ እናስታውስ። ሕዝቡ ጮኸ፤ ቄራው ተዘጋ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳው ማረድ በአህጉሩ እንዲታገድ ወሰኑ። ሁለቱም መልካም ናቸው። ነገር ግን አህያ ይታረዳል ሲባል የጮኸው አፋችን፣ አህያውና ፈረሱ በቁማቸው መንገድ ላይ ሲያልቁ ለምን ዝም አለ? ያኔ ያስቆጣን ለእንስሳው ያለን ፍቅር ነበር ወይስ የሚቀፍ ነገር መስማታችን? እያንዳንዳችን ራሳችንን እንመርምር።

የአንድ ቀን ምሕረት ይገድላል

አሁን ከተቃዋሚዎች ወደ ራሳችን ልዙር፤ ከቸልተኝነት ቀጥሎ የምፈራው የእኛን ዓይነት ርኅራኄ ነውና።

ለረጅም ጊዜ የተራበ ፈረስ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎቻችን ሮጠን ገብስና ፉርሽካ ገዝተን እስኪጠግብ እናበላዋለን፤ ፎቶም እናነሣለን። ፈረሱ ግን በዚያው ሳምንት ሊሞት ይችላል። ሰውነቱ በረሃብ ዘመን የራሱን ስብና ጡንቻ እየበላ ቆይቷል። በድንገት ብዙ እህል ሲገባበት በደሙ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ይዛባሉ፤ ልቡና ሌላው የውስጥ አካሉ ይደክማል። ፈረስ ማስታወክ አይችልም፤ ያበላነው በአፉ አይመለስም። ስለዚህ በመጠለያዎች ያሉ ሐኪሞች የተራበን ፈረስ የሚጀምሩት በእህል አይደለም። በጥቂት ጥሩ ድርቆሽ ወይም አልፋልፋ ይጀምራሉ፤ በየጥቂት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ይሰጡታል፤ መጠኑን የሚጨምሩት በቀናት ውስጥ ቀስ እያሉ ነው። ወደ ሙሉ ሰውነቱ ለመመለስ ወራት ይፈጅበታል።

ምሳሌ 12፥10ን አውጥታችሁ በጥሞና አንብቡ። ጥቅሱ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ስላለው አሳብ ይናገራል። በዕብራይስጡ ላይ የገባው ግሥ «ያውቃል» የሚል ነው። ጻድቅ የእንስሳውን ነፍስ ያውቃል ማለት ነው፤ መቼ እንደሚጠማ፣ የት እንደሚያመው፣ ምን እንደሚያስፈራው ያውቃል። በዚያው ቁጥር ሁለተኛው ክፍል ላይ ደግሞ ርኅራኄ ተብሎ ጭካኔ የሚሆን ነገር እንዳለ ይነግረናል። የተራበውን ፈረስ በአንድ ቀን አጥግቦ የሚገድለው ቸርነት ከዚያ ብዙ አይርቅም። ያለ እውቀትና ያለ ትዕግሥት የሚደረግ ምሕረት አድራጊውን ያስደስታል እንጂ ተቀባዩን አያድንም።

ይህ ስለ ፈረስ ብቻ አይመስለኝም። በዓመት አንድ ቀን ዳቦና ሳሙና ይዘን የምንሄድባቸውን የሕፃናት ማሳደጊያዎች አስቡ። በበዓል ሰሞን የምናስታውሳቸውን እናቶች አስቡ። ያቺን ቀን እንወዳታለን፤ በማግስቱ ግን የለንም። ፈረሱ ይህን ጉድለታችንን ያጋልጣል። አመሰግናለሁ አይልም፤ ንስሐ ገብቶ ኅብረታችንን አይቀላቀልም፤ ለሪፖርት የሚሆን ቁጥር አይሰጠንም። በየማለዳው ውሃ መቅዳት፣ ፍግ መጥረግ፣ ቁስል ማጠብ ብቻ ነው የሚጠይቀን። ለማይመልስልን ፍጥረት ይህን ማድረግ ካልቻልን፣ ለሰው የምናደርገውም የሚመለስልንን ፈልገን እንዳይሆን እፈራለሁ።

ሕመሙንም የሚያየው የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ፈረስ በተፈጥሮው የሚታደን እንስሳ ነው፤ ድካሙን ለአውሬ እንዳያሳይ ይደብቃል። ስለዚህ «ዝም ብሎ ቆሟል፣ ደህና ነው» የምንለው ፈረስ እየተሠቃየ ሊሆን ይችላል። ጆሮው ወደ ኋላ መለጠፉን፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ቦታ መጨማደዱን፣ አንዱን እግሩን ማሳረፉን የሚያስተውል ሰው ያስፈልገዋል። ብቸኝነትም ይጎዳዋል። አህያ ጓደኛዋ ሲሞት መብል ልታቆም ትችላለች። በደንብ የሚሠሩ መጠለያዎች የሞተውን ጓደኛዋን አይታ፣ አሽትታ፣ በራሷ ጊዜ እንድትለየው ያደርጋሉ። ይህን ያህል ዝርዝር የሚያስተውል ሰው ስለ ጎረቤቱም ብዙ ነገር ማየት ይጀምራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ነቅፎ መቀመጥ ቀላል ስለሆነ የሚደረገውንም ልናገር። ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

አንደኛ፣ በጋሪ አጠቃቀማችን እንጀምር። ኅብረታችን አንድ ውሳኔ ያሳልፍ፤ ጋሪው ከተሠራበት ሰው ቁጥር በላይ አንወጣም፤ ዳገት ላይ እንወርዳለን፤ ባለጋሪውን አናጣድፍም፤ ዋጋውን አንከራከርም። «አባባ፣ ፈረሱ ደክሟል፣ እዚህ እንወርዳለን፤ ሂሳቡ ግን ሙሉ ነው» ማለት ምን ያህል ይከብዳል? የዚህ ዓይነት ሁለት መቶ ወጣት ያለባት ከተማ በአንድ ዓመት ትለወጣለች።

ሁለተኛ፣ በቤተ ክርስቲያናችን አጥር ውጭ ጥላ ያለው የውሃ ገንዳ እናኑር። በሙቀት የሚሠራ ፈረስ በቀን ከ20 ሊትር ያላነሰ ውሃ ይፈልጋል። ብዙዎቹ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሳይጠጡ ይውላሉ። ገንዳውን በየቀኑ የሚሞላና በየሳምንቱ የሚያጥብ ተረኛ ይመደብ። ተራው ከመዘምራን የአለባበስ ተራ ያላነሰ ክብር ይሰጠው።

ሦስተኛ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ከአካባቢያችን የእንስሳት ክሊኒክ ባለሙያዎች ጋር እንሥራ። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ግን ውሃ መቅዳት፣ ፈረስ መያዝ፣ የጋሪ ገመድ ሥር የሚገባ ትራስ ከአሮጌ ብርድ ልብስ መስፋት እንችላለን። ናይለን ገመድና ማዳበሪያ ቆዳን ይልጣል፤ ለስላሳ ጨርቅ ግን ይጠብቃል። ቁስል ሲቀንስ በሽታም ይቀንሳል። በፈንገስ የሚመጣውና በጋሪ ፈረሶቻችን ቆዳ ሥር እንደ ዶቃ ተሰክቶ የሚያብጠው ተላላፊ በሽታ የሚገባው በቁስል ነው፤ ዝንብና የጋራ ዕቃም ያዛምቱታል። በጊዜ ከተያዘ ይታከማል፤ ከቆየ ፈረሱን ከሥራ ያወጣዋል። የአንዱን ፈረስ ገመድ ለሌላው አለማዋስን ባለጋሪዎችን ማስተማር ብቻ ብዙ ያድናል።

አራተኛ፣ ሰፊ ግቢ ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት አሉን። በየዓመቱ ሰው ቀጥረን ሣሩን እናሳጭዳለን። ከዚያ ግቢ አንዱን ጥግ አጥረን፣ ዕድሜውን የጨረሰ አንድ ወይም ሁለት ፈረስ ማሳረፍ ለምን አይታሰብም? ከአንድ ሁለት ይሻላል፤ ፈረስ ያለ ጓደኛ አይመቸውም። ከሚቻለን በላይ ግን አንቀበል። ሠላሳ ፈረስ ሰብስቦ ማስራብ መጠለያ አይባልም፤ የተጠረገ አስፋልት ነው። ሥቃዩ የማይድን ከሆነም ሐኪሙ ያለ ሥቃይ እንዲያሳርፈው መፍቀድ ይኖርብናል። ይህ ውሳኔ ይከብዳል፤ ካይሮ ላይ ዶሮቲ ብሩክ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ወስናዋለች። ፈረሱን ለጅብ ትቶ «ሕይወቱን አላጠፋሁም» ማለት ግን ጽድቅ አይሆንልንም።

አምስተኛ፣ ባለጋሪዎቹን እናክብራቸው። ለትምህርት ስንጠራቸው ከፊት ወንበር እናስቀምጣቸው። ስለ ፈረሳቸው ከእኛ የበለጠ የሚያውቁ ብዙዎች ናቸው፤ እነሱም ያስተምሩን። በመካከላቸው ፈረሱን እንደ ልጁ የሚያይ፣ ራሱ ሳይበላ የሚያበላ ሰው አለ። ያንን ሰው በሌሎቹ ፊት እናመስግነው፤ አንድ ባለጋሪ ከሌላው ባለጋሪ የሚሰማውን ያህል ከእኛ አይሰማም።

ይህ ሁሉ ትንሽ ነው የሚለኝ ሰው ይኖራል። አዎ፣ ትንሽ ነው። አገልግሎት የምንለው ብዙው ነገር ትንሽ በሆነ ኖሮ ብዙ ያደርስ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ከኅብረት ስትወጡ በሩ ላይ የሚጠብቀውን ፈረስ ከመውጣታችሁ በፊት ዙሩትና እዩት። ትከሻውን እዩ፤ ደረቱን እዩ፤ ሰኮናውን እዩ። ባለጋሪውን ፈረሱ ዛሬ ውሃ ጠጥቶ እንደሆነ ጠይቁት። ካልጠጣ ባልዲውን ከማን ቤት እንደምትዋሱ ታውቃላችሁ።